የእትዬ የሺ ልጅ

የእትዬ የሺን ሞት እንደሰማሁ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ማጣራት ነበር።

የደወለችልኝ እናቴ ናት። ሥራ ላይ ነበርኩ። «እትዬ የሺ አረፉ» አለችኝ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ቢያንስ ዝም ማለት። እኔ ግን «ማን ነገረሽ? እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደግሞ ለአስቴር ደወልኩ። አስቴር ጎረቤታችን ናት፤ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ በሰፈሩ ውስጥ እሷ ሳትሰማው የሚያልፍ ነገር የለም።

«ባሩኽ ዳያን ሃኤሜት» አለችኝ፣ እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሚባለውን። «ምነው አንቺ፣ እሳቸው ራሳቸው ደውለው ካልነገሩሽ አታምኚም?»

እሳቸው ቢነግሩኝማ ጨርሶ አላምንም ነበር።

እትዬ የሺ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ የእኛ ሰፈር እናቶች አማካሪ ነበሩ። ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ሰዎች ወገን ናቸው። እኛ ጎንደር ተራችንን ስንጠብቅ ኖረን ነው የመጣነው። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም እኩል የሚያቀላጥፉ ሴት ነበሩ። ቢሮ ነበራቸው፤ ሲቀመጡበት ግን አይቼ አላውቅም። እናቶቹን የሚሰበስቡት በሕንፃዎቹ መሀል ባለው የሕዝብ መጠለያ ውስጥ ነበር። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽ ውጭ የተገኘ ሁሉ የሚሮጥበት ያ የምድር ውስጥ ክፍል፣ በደህናው ቀን ምንጣፍና የፕላስቲክ ወንበር ይገባበትና የእሳቸው ይሆናል።

የተዋወቅኳቸው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። የትምህርት ድጎማ የምንቀበል ተማሪዎች በምላሹ ሰፈር ውስጥ በነፃ እናገለግላለን፤ ለእኔ የደረሰኝ የእትዬ የሺ ቡድን ሆነ። ሥራዬ ወንበር መደርደር፣ ሻይ ማፍላት፣ ከዚያም ጥግ ይዞ መቀመጥ ነበር። ሥነ ልቦና እማር ስለነበር ጥጉ ተስማማኝ። ብዙ መናገር አልወድም፤ ማየት ግን እወዳለሁ።

ያየሁት አልጣመኝም። እኛ የተማርነው ሰው ሲናገር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መስማት ነው። እትዬ የሺ ጎን ይቀመጡና ብርቱካን ይልጣሉ። አንዲት እናት እየተንሰቀሰቀች ልጇ እንደሰደባት ስትናገር፣ እሳቸው ሐሳባቸው ሁሉ ልጣጩን ሳይበጥሱ ማውጣቱ ላይ ይመስላል። አይሰሙም ብዬ ደመደምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሴትዮዋ ያለችውን ቃል በቃል ያነሱታል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ሳያይ እንዲህ የሚይዝ ሰው፣ የያዘውን ወዴት ነው የሚወስደው?

ስብሰባውን የሚከፍቱት ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነበር። አንዷን ይመርጡና «ትናንት ቤትሽ ትኩሱን ማን በላ?» ይሏታል።

«ልጆቹ። አባታቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የተረፈውን፣ ቆሜ።»

«እንግዲያው ያ ጎረምሳ በምን ያክብርሽ? እናት ማለት ቆማ ቀዝቃዛ የምትበላ ሰው ናት ብሎ ነው የሚያድገው።» ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ትኩሱን ቀድማ፣ ተቀምጣ እንድትበላ ያዝዟታል። አስቴር ትእዛዙን የፈጸመች ዕለት መጥታ «ባሌ ተቀምጬ ስበላ አይቶ፣ ምነው አመመሽ እንዴ አለኝ!» ብላ መጠለያውን በሳቅ ሞላችው። እኔም ስቄያለሁ። ሳቁ ግን ጥርጣሬዬን አልወሰደውም።

ከሁሉ የባሰብኝ «እኔም አለብኝ» የምትለዋ ቃላቸው ናት። አንዷ መናገር ሲያቅታት እትዬ የሺ «እኔም አለብኝ» ይሉና ከራሳቸው ሕይወት አንድ ነገር ያወራሉ። አንድ ሳምንት ልጃቸው ከሠራዊቱ ጠፍቶ የወታደር እስር ቤት የገባ ነበር። ሌላ ሳምንት ወንዶች ልጆቻቸው አንድ ቀን እንኳ አሳፍረዋቸው አያውቁም። በክረምቱ ባላቸው ይመቷቸው ነበር፤ በበጋው እኚያው ባል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ሴቶቹ አይገጣጥሙትም፣ ወይም የማይገጣጥሙ ይመስላሉ። እኔ እገጣጥማለሁ።

አስቴርም ትገጣጥም ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን ስንወጣ «ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ መቼ ኖራ ጨረሰችው?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሬቫኻ ጆሮ ናት ይላሉ። የራሷን የምታወጣው የኛን ለማስወጣት ነው።» ሬቫኻ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ነው፤ ልጅ ከቤት ይወስዳል ስለሚባል እናቶቻችን ስሙን ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ያን ያህል አላምንም ነበር። አላምንም ብዬም ግን አልመለስኩላትም።

በዚያው ዓመት ቤታችን ውስጥ በአንድ በር ምክንያት ጦርነት ነበር። ወንድሜ ናቲ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚተኛው ከሮኬት በምንጠለልበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ብረት ነው። እናቴ ያ በር እንዲዘጋ አትፈቅድም። በአሮጌ ሻሽ ከአልጋው እግር ጋር ታስረዋለች። ናቲ ይፈታዋል፤ እሷ መልሳ ታስረዋለች። ሳይረን ጮኾ ሁላችን ከገባን በኋላ እንኳ በሩን በእጇ ይዛ ክፍተት ታስቀራለች። እሱ ሊዘጋ፣ እሷ ልትከፍት ሲጓተቱ አይቻለሁ፤ በእጇ ላይ ያለው ጉልበት የእሷ አይመስልም።

«ኢማ፣ ዳይ! እማዬ፣ በቃሽ!» ይላታል። እሷ በአማርኛ ታናግረዋለች፣ እሱ በዕብራይስጥ ይመልስላታል። «በዚህ ቤት የሚገድለኝ ሮኬት አይደለም፣ አንቺ ነሽ! ሰው እኮ በር አለው!»

«በር ምን ያደርግልሃል? ተዘግተህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልተነፍስ!»

«ተዘግቶ አይተነፈስም» አለችው።

ሳቀባት። በሳምንቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ልግባ ብሎ ራሱ ጠየቀ። «እዚያ ክፍል ይሰጡኛል፤ በር ያለው ክፍል» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ትኩሱንም ቀዝቃዛውንም መብላት ተወች። አባታችን ከሞተ በኋላ የቆመችው በእኛ ነው። ናቲ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ዕለት ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ፤ እሱም አንዴ ከወጣ የሚመለስ አልመሰለኝም።

ወደ እትዬ የሺ የወሰደቻት አስቴር ናት። ብጠየቅ ኖሮ አይሆንም እል ነበር። እናቴ መጠለያው ደጃፍ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። ግቢ ቢሏት አልገባ አለች። እትዬ የሺ አንድ ወንበር አንሥተው፣ የብረት በሩ እንዳይዘጋ አድርገው ልክ መግቢያው ላይ አስቀመጡና «አንቺ እዚህ ሁኚልኝ፣ ዛሬ ነፋስ ያስፈልገናል» አሏት። ከዚያ ወዲያ የእናቴ ቦታ እዚያ ሆነ። ዓይኗ በሩ ላይ እንደነበረ እኔ ልጇ አላስተዋልኩም፤ እሳቸው በአንድ ጊዜ አዩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሰውን እንዲህ ቶሎ የሚያነብ ምን ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቶች ከጎረምሳ ልጆቻቸው ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው እትዬ የሺ የሚያዙት መድኃኒት አውቶቡስ ነበር። «ፊት ለፊት አታስቀምጪው» ይላሉ። «አገር ቤት ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን አያይም። እዚህ ደግሞ ዓይኔን እየኝ ይሉታል። ዓይኑን የት ያድርገው? አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለታችሁም ፊታችሁን እዩ። ካወራ ስሚ። ካላወራ መንገዱን እዪ። የትም አትውረዱ።» እናቴ ናቲን ይዛ ከማዕከላዊ ጣቢያው እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄዳ ትመለስ ጀመር። እሱ መጀመሪያ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ ተኮሳትሮ ነበር የሚሄደው።

አንዳንድ ቀን እናቴ ከእትዬ የሺ ጋር ብቻዋን ትሄዳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚግዳል ገበያው አጠገብ ቆሜ አውቶቡሱ ሲያልፍ አየኋቸው። እትዬ የሺ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። የእናቴ አፍ ግን ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። እናቴን እንደዚያ ስታወራ አይቼ አላውቅም፤ ከእኔም ጋር፣ ከማንም ጋር። የቤታችን ገመና ሁሉ እየወጣ እንደሆነ ተሰማኝ። ማታ «ምን ስትነግሪያቸው ነበር?» አልኳት።

«የባሕሩን ነገር» አለችኝ። «ጀልባዎቹ ጋ፣ ማሪና ድረስ ሄድን።»

ቀጥሎ እትዬ የሺ ናቲን ብቻውን ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ሲመሽ፣ ናቲ ሻሹን ፈታ፤ አጥፎ ለእናቴ ሰጣትና በሩን ዘጋ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጠብ ይነሣል ብዬ ተነሣሁ። እሷ ግን በእጇ አስቆመችኝና በሩን አንኳኳች። ከውስጥ መልስ መጣ፤ ኳ፣ ኳ። እናቴ ሄዳ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ተነሥታ እንደገና አንኳኳች። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ እንዲሁ ሆነ። ናቲ አንዳንዴ እንደ ኳስ ደጋፊ ጭብጨባ በዜማ ያንኳኳላታል፤ እሷም ከውጭ «አንተ ባለጌ!» እያለች ትስቃለች። ሳይረን ሲጮኽም በሩ መዘጋት ጀመረ፤ ናቲ አጠገቧ ተቀምጦ እስኪያልፍ ድረስ በጣቱ ግድግዳውን ያንኳኳላታል። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወሬ ቀስ እያለ ጠፋ።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ይህ በየትኛውም ትምህርት ውስጥ የለም፤ የሕፃን ጨዋታ ነው። ናቲን «ምን ብለው አሳመኑህ?» አልኩት።

ሳይስቅ ነው የነገረኝ። «እትዬ የሺ ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ትንሽ። አገር ቤት ሳሉ ቆልፋባት ሥራ ሄደች። ቤት ውስጥ ከሰል ነበር። ስትመለስ አንኳኳች፣ መልስ የለም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ለእኔ የመለሰልኝ የለም አለችኝ። አንተ ግን ለእናትህ መመለስ ትችላለህ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ደሜ ፈላ። ምክንያቱም እትዬ የሺ ቀደም ሲል በቡድኑ ፊት «ወንዶች ብቻ ነው የወለድኩት፣ የሴት ልጅ ጸጉር ጎንጉኜ አላውቅም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሴቶቹ መዋሸት አንድ ነገር ነው። ወንድሜን ግን በሌለች ልጅ፣ በሞተች ልጅ አባብለውታል።

ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ታሪክ መጠለያው ውስጥ ደገሙት። ከሳይረኑ ብዛት የተነሣ ሕፃኗን ከጭኗ ለአፍታ ማውረድ ያቃታት አንዲት ወጣት እናት ነበረች። «እኔም አለብኝ» አሉ እትዬ የሺ። በዚህ ጊዜ ብርቱካን አልላጡም። «አገር ቤት ተራችንን ስንጠብቅ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። ታናሿ ጀርባዬ ላይ ናት። ሁለቱን ማዘል አልቻልኩም። ብርድ ነበር፤ ለታላቋ ከሰል ትቼላት፣ መንገድ እንዳትወጣ ብዬ ቆለፍኩባት።» ከዚያ በላይ ብዙ አላሉም።

ሴቶቹ ተነሥተው ከበቧቸው፤ «አይዞዎት፣ ምን ያድርጉ፣ ለልጅዎ ብለው እኮ ነው» እያሉ። እናቴ ከመግቢያው ወንበር ተነሣች። ወደ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። እትዬ የሺ ትከሻ ላይ ተደፍታ «እኔን፣ እኔን» እያለች እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰች፤ ሴቶቹም እሷን ጭምር ደግፈው አብረው አለቀሱ። እኔ ሻይ ማፍያው አጠገብ ቆሜ ነበር። እናቴን በውሸት አስለቀሷት አልኩ በልቤ።

ያን ቀን ዓይናፋርነቴን ዋጥ አድርጌ እስከ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተከተልኳቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ። ስትመረምሪኝ ነው የከረምሽው፤ ይውጣልሽ።»

«ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?»

ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው መላጥ ጀመሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አልሞተብዎትም እላለሁ። ባለቤትዎም መትተውዎት አያውቁም። ልጅዎም እስር ቤት አልገባም። ሌላ ሴት የነገረችዎትን ነው የሚያወሩት። የሰው ምስጢር ነው፣ እትዬ። አይፈቀድም።»

«የማን እንደሆነ ልንገርሽ?»

አውቶቡሱ ወደሚመጣበት መንገድ ዞርኩ።

«ስሟን ልንገርሽና በሚቀጥለው ሳምንት ሻይ ስትሰጫት ፊቷን እያየሽ ትሰጫት?»

«አይ። አልፈልግም።»

«እንግዲያው የኔ ነው» አሉ።

«ሰው ውሸታም ቢልዎትስ?»

«አልሽኝ እኮ» ብለው ብርቱካኑን ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። አውቶቡሳቸው መጣ። ሲገቡ ዘወር ብለው አላዩኝም።

ይህ ለእኔ መልስ አልነበረም። እኛን ተማሪዎቹን ለምትመራው ኃላፊ ልናገር አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ናቲ በየማታው ሲያንኳኳ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ስሟን አልፈልግም ብልም ባለታሪኳን መፈለጌ አልቀረም። ሻይ ባቀረብኩ ቁጥር የሴቶቹን ፊት ፈተሽኩ፤ አስቴርን ጭምር። አንድ ፊት ብቻ አልፈተሽኩም።

እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው እትዬ የሺ የታመሙት፤ ብዙም አልቆዩም። ቀብሩ ባረፉ በማግሥቱ ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት እናቴን ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሕንፃቸው ሥር ድንኳን ተተክሏል። በአንድ በኩል ባላቸው ተቀምጠዋል፤ ለሚመጣው ሁሉ ከወንበራቸው ለመነሣት የሚሞክሩ ትንሽ ሽማግሌ። አጠገባቸው ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው። ከሰሜን እስራኤል የመጡት የእትዬ የሺ እህት ከሴቶቹ ጋር ነበሩ። እኔ እንደለመድኩት የሻይ ሰሐን ያዝኩ።

አስቴር ናት የጀመረችው፤ ክፋት አስባ አይደለም። «ስንቱን አየች! ባል እየመታት፣ ልጅ እስር ቤት ገብቶባት፣ እንደዚያ ሆና ሌላውን ታጽናና ነበር።»

እህታቸው ቀና አሉ። «ማን ነው የመታት? እኚህ? ዝንብ እሽ የማይሉትን ሰውዬ?»

«ራሷ ናት የነገረችን...»

«የትኛው ልጅዋ ነው የታሰረው? እነዚህ ናቸው ልጆቿ፤ ሌላ የላትም። የእህቴን ስም ምን እያደረጋችሁት ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። አንዳቸውም ወደ ሌላዋ አልተመለከቱም፤ ያ ሁሉ ሕይወት ባለቤት አጥቶ መሀላችን የወደቀ ያህል ነበር። አስቴር ግን ነገር ካልገባት አትተውም።

«እና ያቺ በከሰል ጭስ የሞተችው ልጅስ?» አለች። «እሷስ የማን ናት?»

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ሰው በተሰበሰበበት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«የእሳቸው ናት» አለች። «ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ትርንጎ ትባል ነበር። ከዚህ በፊት ስሟን አልነገሩ ይሆናል። ትርንጎ ነበረች።»

እህታቸው እናቴን አዩአት። ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «አዎ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ትርንጎ። እኔ ነኝ የረሳሁት። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

እናቴ ሄዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ ስለ ትርንጎ ማልቀስ ጀመሩ።

እኔ ሰሐኑን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። መጠለያው ውስጥ ስም አልተጠራም፤ ናቲም ስም አልነገረኝም። ያኔ በእናቴ ጀርባ ላይ የታዘለችው ታናሽ ማን እንደነበረች ገባኝ።

ዛሬ እኔም በሙያው ነው የምሠራው። ሰው የነገረኝን ለሰው አላወራም፤ እትዬ የሺ ያደረጉት ልክ ነበር ብዬም አልፈርምም። ያ ታሪክ ስንት ቤት እንደዞረ አላውቅም፤ ሳስበው አሁንም ደስ አይለኝም። በአውቶቡስ ስንመለስ ግን እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ጎኗ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ፊታችንን እናይ ነበር።

«እማዬ» አልኳት ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ። «የእትዬ የሺ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

ገበያው አለፈ።

«ሳቂታ» አለች። «ብርድ ግን አትወድም።»

መውረጃችን ደረሰ። ደወሉን እኔም አልተጫንኩ፣ እሷም አልተጫነችም። እስከ መስመሩ መጨረሻ ነገረችኝ፤ እኔም አንዱንም አላጣራሁም።